የልዩ ፍላጎት መምህርት ለምትፈልጉ የጅማ ወላጆች

ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ያላችሁ የጅማ ወላጆች፣ አንዲት መምህርት ልጠቁማችሁ፣ በዚያውም በአደባባይ ላመሰግናቸው ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ ተማሪውም ወላጁም እንደሚጠራቸው «ቲቸር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልጃችን 3ኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቶሎ አይገባውም፣ ሐሳቡም አንድ ቦታ አይረጋም። ክፍል ውስጥ ይነሳል፣ መስኮት ጋ ሄዶ ይቆማል፣ የጀመረውን ሥራ ጥሎ የሌላ ልጅ ደብተር ይገልጣል። ቀድሞ የነበረበት ትምህርት ቤት «ቤት ቢውል ይሻላል» ብሎ ነው የሸኘን። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ልጄ ከእኩዮቹ ጋር መማር መብቱ እንጂ ችሮታ አይደለም። ይህን ዛሬም ለማንም እናገራለሁ። አሁን ያለበት ትምህርት ቤት ተቀበለን፣ ቲቸርንም ያገኘናቸው እዚያው ድጋፍ መስጫ ክፍል ውስጥ ነው።

ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ልጁ ምን እንደሚያጠፋ ነበር። እሳቸው ግን «ምን ሲያደርግ ማየት ትፈልጋላችሁ?» አሉን። ባለቤቴ «ጨዋ እንዲሆን» አለች። «ጨዋነት በዓይን አይታይ፣ በቁጥር አይያዝ፤ የሚታይ ነገር ንገሩኝ» አሏት። ተነጋግረን ሁለት ነገር ያዝን፦ ወንበሩ ላይ መቀመጥና እጁ ሥራው ላይ መሆን። ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ተዉት አሉን።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ወረቀት ሠሩለት። ከላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚጽፍ ልጅ ሥዕል አለ፣ ከሥሩ ባዶ ሳጥኖች። ልጁ አጣርቶ ስለማያነብ፣ ቤት አማርኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ኦሮምኛ ስለሆነበት፣ ሥዕሉ ለሁለቱም ይሠራል። የክፍሉ መምህር ጋዋን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ በየ5 ደቂቃው ይንቀጠቀጣል። ያኔ መምህሩ በልጁ ዴስክ አጠገብ ሲያልፉ በጣታቸው መታ ያደርጋሉ። ልጁ ራሱን ይጠይቃል፦ «አሁን እየሠራሁ ነው?» እየሠራ ከነበረ ራይት፣ ካልሆነ ኤክስ አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስሙ አይጠራም፣ ክፍሉም ዞሮ አያየውም።

ቲቸርን ከሌሎች የለየብኝ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው። ልጁ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ሳጥን ራይት ያደርግ ነበር፤ መስኮት ጋ ቆሞ እንኳ። እሳቸው «ዋሸህ» አላሉትም። ድጋፍ መስጫ ክፍል ሲገባ የራሳቸውን ወረቀት ይዘው በየ5 ደቂቃው እሳቸውም ይሞላሉ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የተመሳሰለ ሳጥን ሁሉ ነጥብ ያስገኛል፤ ሁለቱም ኤክስ ቢሆኑም እንኳ! ለሰሚው ግር ይላል፣ ላልሠራበት ደቂቃ ነጥብ ይሰጠዋል ወይ? ቲቸር ያስረዱን እንዲህ ነው፦ ሲቆጡት የኖረ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው መደበቅን ነው። እውነቱን መናገር የማያስቀጣው መሆኑን ሲያውቅ ግን ራሱን ማየት ይጀምራል።

ጀመረም። አንድ ቀን ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «እዚህ ጋ ሁሌ ኤክስ ነኝ፤ ከኋላዬ ያለው ልጅ ሲነካካኝ ነው» አላቸው። ይህን እኛ አላወቅንም፣ መምህሩም አላወቁም። ቦታ ተቀየረለት፣ በዚያ ሰዓት የነበረው ችግር ተስተካከለ። ልጄ ስለ ራሱ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበርና ያን ዕለት ማታ ከባለቤቴ ጋር ሌላ ወሬ አላወራንም።

ዘዴው የእሳቸው ፈጠራ እንዳልሆነ ራሳቸው ነግረውናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ፣ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ እነ ዳንኤል ሃላሃንና ጆን ሎይድ ትምህርት ለሚከብዳቸው ልጆች ሞክረውታል። ያኔ ምልክት የሚሰጠው በቴፕ የተቀዳ ድምፅ ነበር፤ ድምፁ ሲሰማ ልጁ ትኩረቱ ሥራው ላይ እንደነበር ራሱን ጠይቆ ይመዘግባል። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ቴፕ ማስጮህ ስለማይሆን የዴስኩን መታ መታ ያመጡት ግን ቲቸር ናቸው።

አንድ ነገር አጥብቀው ይነግራችኋል፦ ወረቀቱ ልጁ የሚያውቀውን እንዲያደርግ ያግዘዋል እንጂ የማያውቀውን አያስተምረውም። ልጃችን በመቀነስ ላይ መበደር አይችልም ነበር። መጀመሪያ በጠጠርና በእንጨት አስተማሩት፤ ሲገባው ነው የሒሳብ ወረቀት የሰጡት። ምልክቱን አየሁ? ከጎረቤት ተበደርኩ? መልሴን ደግሜ አየሁ? ለእያንዳንዱ ራይት እያደረገ ይሠራል። ዓርብ ዓርብ ስንቱን እንደጨረሰ ካሬ ደብተር ላይ ቀለም ይቀባል፣ ዓምዱ ከፍ ሲል ይዞልን ይመጣል።

አሁን የክፍሉ ምልክት በየ15 ደቂቃው ሆኗል፤ ወረቀቱንም ቀስ በቀስ እያስቀሩለት ነው። ቤትም ጠዋት ከእንቅልፉ ተነስቶ ለመልበስ፣ ለመታጠብና ቦርሳውን ለማዘጋጀት ተመሳሳይ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈንለታል። መጥፎ ቀን አሁንም አለው። ሕመም ሲኖረው ወይም እንቅልፍ ሲያጣ ወረቀቱ በኤክስ ይሞላል፣ ቲቸርም «ዛሬ ከባድ ቀን ነበር፣ በትክክል ሞልተሃል» ብለው ይሸኙታል።

ቲቸር፣ ልጄን ስላከበሩት አመሰግንዎታለሁ። እስክሪብቶውን ለእሱ የሰጡት እርስዎ ነዎት። እድሜና ጤና ይስጥልን!

ለወላጆች፦ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ወላጅ ያነጋግራሉ፤ ሳይደወል መሄድ ግን አይሆንም። ከአጂፕም ከጂሬንም የምትመጡ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የልጁን ደብተሮች ያዙ፣ የታረሙትንም ያልታረሙትንም። ልጁን የመጀመሪያ ቀን አትውሰዱት፤ እሱ ባለበት ጥፋቱ እንዲዘረዘር አይፈልጉም። የክፍሉ መምህር ፈቃደኛ መሆናቸውንም አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ያለ እሳቸው ክፍል ውስጥ ያለው ሥራ አይሄድም። «ምን ሲያደርግ ማየት ትፈልጋላችሁ?» መባላችሁ አይቀርምና መልሱን ቤት ተነጋግራችሁበት ሂዱ።