ያገለገለ የጀልባ ሞተር ልትገዙ ነው? ኮምፕሬሽን ጌጅ ወይስ የስልክ ካሜራ

ያገለገለ ሞተር ሊገዛ የተነሳ ሁሉ "ጌጁን ልግዛ ካሜራውን?" እያለ ስለሚደውልልኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ጌጁን ግዙ፣ ፒስቶኑ ሲሊንደር ውስጥ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚለካውን።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ካሜራውን ነበር፣ ስልክ ላይ ተሰክቶ ጫፉ ሞተሩ ውስጥ የሚገባውን፣ በ2,600 ብር። ባህር ዳር ሐይቁ ዳር አንድ 40 ፈረስ ቱ ስትሮክ አሳዩኝ፣ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠውን) ፈትቼ ካሜራውን በቀዳዳው ሰደድኩት፣ የፒስቶኑ አናት ላይ ትንሽ ካርቦን አለ፣ ሌላ ምንም፣ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላ ዘጌ ደርሼ ስመለስ ጉልበት አጣ። ርካሹ ካሜራ ለካ ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያየው፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ለማየት ጫፉ ላይ ትንሽ መስታወት ይሰካለታል፣ ሰክቼ ሳስገባው መስታወቷ ወልቃ ውስጥ ቀረች! ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) አስፈትቼ ሳወጣት ግድግዳው ተጭሮ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቆ አገኘሁት። የመካኒክና የጋስኬት ሲደመር ካሜራው ወደ 9,000 ገባ፣ ሞተሩን ሳልቆጥር።

ጌጁን ከዛ በኋላ ነው ከሶማሌ ተራ ያስመጣሁት፣ 3,400 ብር። ያኔ 1,100 ብር የነበረም አለ፣ የጎማ ጫፉን በእጅ ተጭናችሁ የምትይዙት፣ እሱን ተዉት፣ አንዱ የማስነሻውን ገመድ ሲስብ አንዱ ሲጫን ንፋሱ በጎን እያመለጠ ደህናውን ሞተር የሞተ ያስመስለዋል። በካንዴላው ቀዳዳ የሚጠመዘዘውን 14 ሚሊ ግዙ፣ ግን የጥርሱን ርዝመት ከካንዴላችሁ ጋር አስተያዩት፣ ከረዘመ ፒስቶኑ ሲወጣ ይመታዋል። የጌጁ ጫፍ ላይ ያለችው ቫልቭ ስትበላሽ ደግሞ ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ የጎማ ቫልቭ እንዳታስገቡባት፣ የሱ ስፕሪንግ ጠንካራ ስለሆነ ቁጥሩን ያወርደዋል (በዚህ ተሸውጄ አንድ ጥሩ ሞተር አልፌያለሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል)።

ስትለኩ ሁሉንም ካንዴላ ፍቱ፣ የካንዴላዎቹን ሽቦዎች ማሳ ስጧቸው (የሞተሩን ብረት አስነኳቸው) አለዛ ሲዲአዩን (እሳት የሚያመነጨውን ኤሌክትሮኒክስ) ታቃጥላላችሁ፣ ጋዙን ሙሉ ክፍት አድርጋችሁ የጌጁ መርፌ መውጣት እስኪያቆም የማስነሻውን ገመድ ሳቡ። ቁጥሩ አነሰ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ጣና 1,800 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ጅቡቲ ላይ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚል ሞተር እዚህ 100 አካባቢ ነው የሚለው። ዋናው የሲሊንደሮቹ ልዩነት ነው፣ ከ10 ፐርሰንት በላይ ከተራራቁ ወይ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ጥላችሁ ሂዱ።

ሻጭ ቀድሞ ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጠብ አድርጎበት ይጠብቃችኋል፣ ዘይቱ ፋሻውን ለጊዜው ስለሚደፍነው ቁጥሩ ያምራል። ካንዴላው በዘይት ርሶ ከወጣ ሞተሩን ውሃ ውስጥ አስነስታችሁ አሰርታችሁ ድገሙት፣ በደረቁ ግን እንዳታስነሱ፣ ኢምፔለሩ (ማቀዝቀዣውን ውሃ የሚስበው ጎማ) ይቃጠላል።

ካሜራው ጌጁ ዝቅ ሲል ምክንያቱን ለማየት ካልሆነ ብዙ አይጠቅምም። እኔ ጋ አሁን የቧንቧ መፈተሻ ሆኗል። ሁለቱም የማያሳዩት ታች የጊር ቤቱን ነው፣ እሱን በካቻቢቴ የዘይቱን ቡሎን ላላ አድርጋችሁ እዩት፣ ወተት የመሰለ ዘይት ከወረደ ውሃ ገብቷል። እሱ እንኳን ነጻ ነው።