ደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ስላገኘነው የአእምሮ ሕክምና

አጎቴ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት አጥተው ከሰው ተለይተው መቀመጥ ሲያዘወትሩ፣ ጎረቤቶቻችን እንደየእምነታቸው ጠበልም ዱዓም መከሩን፤ በኋላ ግን ወደ ደሴ ይዣቸው ሄድኩ። ስለ ክሊኒኩ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በዋናነት ሐኪሙ የአእምሮንና የአንጎልን ግንኙነት ያስረዳበት መንገድ ነው።

አጎቴ «ዶክተር፣ ሕመሙ አንጎሌ ላይ ነው ወይስ ሐሳብ ነው የጎዳኝ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «አባቴ፣ የሚያስቡትም የሚያዝኑትም በአንጎልዎ ነው፤ የደረሰብዎ ሐዘን ደግሞ አንጎልዎን መልሶ ይነካዋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም እናያለን» አላቸው። ነገሩ በቃል ብቻ አልቀረም። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ሲያንስ ድብርት የሚመስል ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል አስቀድሞ የደም ምርመራ አዘዘ፤ ቀጥሎም ስለ እርሻቸው፣ ስለ ዕዳቸውና ስላረፈው ልጃቸው ሳይቸኩል ጠየቃቸው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1977 ሥጋ፣ ሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ኑሮ አንድ ላይ መታየት አለባቸው ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ለሐኪሞች አዲስ አይደለም፤ ወረፋ በበዛበት ክፍል ውስጥ በተግባር ሲውል ማየት ግን ብርቅ ነው።

ቀደም ሲል ሌላ ቦታ «አንጎልዎ ውስጥ ኬሚካል አንሷል» ተብለን ተመልሰናል። አባባሉ ለማስረዳት ይመቻል እንጂ ድብርትን በአንድ ንጥረ ነገር ማነስ ብቻ ለመተንተን በቂ ማስረጃ የለም። ይህኛው ሐኪም ፍሉኦክሰቲን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ሲያዝ የተናገረው፣ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችልና ጠበል ቢሄዱም ኪኒኑን እንዳያቋርጡ ነው። በነገራችን ላይ አእምሮንና አንጎልን ሳይነጣጥሉ ለማየት ሐኪሞቹ ራሳቸውም ዘግይተዋል፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር «አካላዊ መነሻ ያላቸው» የሚለውን የሕመም ምድብ፣ ሌሎቹ አካላዊ መነሻ የላቸውም ያሰኛል በሚል የአእምሮ ሕመሞችን ከሚመድብበት መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ድክመቱ የምክር አገልግሎቱ ላይ ነው። የንግግር ሕክምናም አንጎል ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ ከተነገረን በኋላ፣ የምክር ክፍሉን ከካርድ ክፍሉ በስስ ኮምፔንሳቶ ብቻ ተለይቶ አገኘነው፤ ተራ ሲጠራ እየተሰማ አጎቴ ስለ ልጃቸው የጀመሩትን ወሬ አቋረጡ። ባለሙያዋ በየቀኑ ስለማትገኝም ከሐይቅ ወይም ከኩታበር የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ቢያረጋግጥ ይሻላል።