የእሳት ማፈኛ ጨርቅ ለማድ ቤት፦ ትልቁን ይግዙ

በዘይት ለተነሳ እሳት ከ1 ኪሎው የዱቄት ማጥፊያ ይልቅ ይህን ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ እንመርጣለን። ዱቄቱ በግፊት ስለሚወጣ፣ ከቅርብ ሲረጭ የጋለውን ዘይት ከመጥበሻው አፈናጥሮ እሳቱን ሊያዛምተው ይችላል። ደግሞም በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ጨርቁ ግን አየር ከልክሎ ያፍነዋል።

ሲገዙ 1 ሜትር በ1 ሜትሩን ይተዉት፤ ሰፊ ድስት ላይ በጠርዙ በኩል አየር ያስገባል። 1.2 በ1.2 ይሁን፤ ማሸጊያው ላይ ኢኤን 1869 (EN 1869፣ የአውሮፓ የእሳት ማፈኛ ጨርቅ ደረጃ) የሚል ይፈልጉ። የሚሰቀለው ከምድጃው በላይ ሳይሆን በሩ አጠገብ ነው፤ በነበልባል ላይ ተንጠራርቶ ማውረድ አይቻልም።

ሁለቱን ማሰሪያዎች ወደ ታች ይሳቡ፤ እጅዎን በጨርቁ ጫፍ ሸፍነው ከፊትዎ እንደ ጋሻ ይያዙትና ከራስዎ በኩል ጀምረው ወደ ፊት ቀስ አድርገው ያልብሱት። አይወርውሩት። ቡታጋዙን ያጥፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፦ ጠፋ ብሎ ቶሎ ይገልጠዋል፤ እንደጋለ ያለው ዘይት አየር ሲያገኝ መልሶ ይቀጣጠላል። ቢያንስ 30 ደቂቃ አይንኩት። አንዴ ያገለገለ ጨርቅ ይጣላል።

ለሲሊንደር እሳት ግን አይሆንም። ቫልቩን መዝጋት ካልተቻለ ሰው ሁሉ ይውጣ፤ አዲስ አበባ ላይ 939 ይደወል።