ጉሽ ጠላ ወይስ የቦሌው ክራፍት ቢራ? ገንዘባችሁን የት ታወጣላችሁ

ጓደኞቼ አሁንም አሁንም "የፋብሪካ ቢራ ሰለቸን፣ በእጅ የተጠመቀ ጥሩ ነገር የት አለ፣ የቱ ያዋጣል" ይሉኛል፣ አንዴ በደንብ ልጻፈው። የማወዳድረው ቦሌ ቢራ ጋርደን እዛው ቤቱ ውስጥ የሚጠምቃቸውን ብሎንዲና ኢቦኒ የተባሉ ቢራዎች፣ እና እኛ ጋ ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ እናቶች ቤታቸው የሚጠምቁትን ጠላ ነው። ካሁኑ ልንገራችሁ፣ እኔ የጠላ ወገን ነኝ፣ ያውም ሳይጠለል ገና እየፈላ የሚጠጣው የጉሽ።

መጀመሪያ ዋጋ። ሰው የሚሸወደው በብርጭቆ ስለሚያስብ ነው፣ በሊትር አስቡ። የጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሦስቱ ተደምሮ እንኳን አንድ ሊትር አይሞላም። ጃምቦ ግማሽ ሊትር ነው ብላችሁ ትከፍላላችሁ፣ ግን አረፋው አራት ጣት ከሆነ ግማሽ ሊትር የት አለ? እንበልና ጃምቦው 120 ብር ቢሆንና እውነተኛው ቢራ 400 ሚሊ ቢሆን፣ ሊትሩ 240 መሰላችሁ እንጂ 300 ብር ነው የከፈላችሁት። በዛ ላይ ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ መሄጃው በሚኒባስ ይሁን ግድ የለም፣ ማታ ጠጥቶ መመለሻው ግን ራይድ ነው፣ እሱን ያልደመረ ሂሳብ ሂሳብ አይደለም። ጠላም ቢሆን ልክ አለው፣ 20 ሊትር ጀሪካን ስትገዙ ታች የሚዘቅጠው አተላ ሁለት ሦስት ሊትር ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ዋጋውን ለ20 ሳይሆን ለ17 አካፍሉት። እንዲህም ተካፍሎ ጠላው በሰፊው ይረክሳል።

ጣዕም ላይ ኢቦኒን አላማውም፣ ከአስር ስምንት እሰጠዋለሁ። ጥቁር የሆነው ብቅሉ ስለተቆላ ነው፣ የኛም ጥቁር ጠላ የሚጠቁረው ደረቆቱ (ለጠላው የሚዘጋጀው እህል) ጠበቅ ተደርጎ ስለሚቆላ ነው፣ እነሱ በሆፕ ያመርሩታል እኛ በጌሾ። ብሎንዲ ሳይጣራ ስለሚቀርብ ደፈርስ ይላል፣ ለስላሳ ነው፣ ሰባት። ጀርመኖቹ፣ ባቫሪያ ውስጥ፣ በ1516 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ቢራ ውስጥ ውሃ፣ ገብስና ሆፕ ብቻ ነበር የሚገባው፣ ቢራ ጋርደንም የጀርመን አጠማመቅ ነው የያዘው፣ ስለዚህ ዛሬ የጠጣችሁትን ከወር በኋላም ታገኙታላችሁ። ጥሩ ጉሽ ግን ዘጠኝ ነው። በግራዋ የታጠበ፣ በወይራ የታጠነ ጋን ውስጥ የተጠመቀ ጠላ መጀመሪያ ጭሱ አፍንጫችሁን ያገኘዋል፣ ከዛ ገብሱ፣ ከዋጣችሁት በኋላ ደግሞ የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቆያል፣ ይሄን የትም ድራፍት ውስጥ አታገኙትም።

ችግሩ አስመስሎ የሚሠራው መብዛቱ ነው። ዘመዶቻችን ለክርስትና "ፍልተር (የተጣራ ጠላ) ነው፣ ኃይለኛ ነው" ተብለው ከአንድ ሻጭ የገዙት ጠላ ሲቀዳ ወርቅ ይመስል ነበር፣ አፍ ሲገባ ግን ስኳር ነው፣ ብርጭቆውን ከጠረጴዛ ስታነሱት ቂጡ ይጣበቃል። ጌሾው የለም። ላዩ ላይ ክብ ክብ የዘይት ጠብታ ተንሳፍፎ ስናይ ጀሪካኑ በፊት ምን እንደያዘ ገባን፣ ከሰዓት ላይ ደግሞ ጭራሽ ሆመጠጠና እንግዳው ለስላሳ እየጠየቀ ዋለ። ገንዘባችንን መልሱ ቢባል ማን ይሰማል። እውነተኛ ፍልተር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ በአግባቡ ከተሠራ ከ5 እስከ 6 በመቶ አልኮል ይይዛል፣ ተራው ጠላ ከ2 እስከ 4 ነው፣ ግን "ፍልተር" የምትለዋ ስም ዋጋ ስለምትጨምር ሁሉም ይለጥፋታል። ሌላው ደግሞ ቅራሪን፣ ማለትም ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣውን ቀጭኑን፣ አንደኛ ነው ብሎ መሸጥ ነው፣ መልኩ አያስታውቅም፣ ምሬቱ ግን እንደዋጣችሁት ወዲያው ይጠፋል፣ ውሃ ውሃ ይላል።

ስለዚህ ሳትቀምሱ አትግዙ፣ ያውም ከሚቀርብላችሁ ጣሳ ሳይሆን እናንተ ፊት ከጋኑ ተቀድቶ። እማማ፣ መቼ ነው የተበጠበጠው በሏቸው፣ ጠማቂ ከሆኑ ቀኑን ቆጥረው ይነግሯችኋል፣ ከሌላ ቦታ አምጥተው የሚቸረችሩ ከሆነ ነገሩን ያዞሩታል። ጀሪካን የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ውሃ ብቻ የያዘ ይሁን።

ከከተማ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ወይ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ጣዕም የምትፈልጉ ከሆነ ኢቦኒ እዘዙ፣ ታወር (ጠረጴዛ ላይ የሚቆመውን ረጅም የቢራ መቅጃ) ካዘዛችሁ ሊትሩን ጠይቃችሁ አካፍሉ፣ እየቆየ እንደሚሞቅም አትርሱ። ለድግስና ለማኅበር ግን ጉሽ ነው፣ በዋዜማው አስመጡት፣ ገና እየፈላ ስለሆነ የጀሪካኑን ክዳን አታጥብቁት፣ መኪና ውስጥ ይነፋና ይፈነዳባችኋል።