ላስ ቬጋስ፣ ዱባይ፣ ናይሮቢ ወይስ ኦስሎ? የዲጂታል ጤና ጉባኤዎች ንጽጽር

በዲጂታል ጤና ዘርፍ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ በዓመት አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ መካፈል እንኳ ትልቅ ዕድል ነው። ዕድሉ ደግሞ እየጠበበ ሄዷል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ በዶላር የሚከፈለው መመዝገቢያ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ አሻቅቧል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ማቋረጥ ሲጀምር ደግሞ የአውሮፕላን ቲኬቱንና የውሎ አበሉን ይችሉ የነበሩ ብዙ ፕሮጀክቶች ተዘግተዋል። ቀድሞ «ተጋብዣለሁ» ብሎ ሻንጣውን ያነሣ የነበረ ሰው ዛሬ ከመሥሪያ ቤቱ የተመናመነ በጀት ወይም ከገዛ ኪሱ አውጥቶ ነው የሚሄደው። የት እንደሚኬድ መምረጥ የግዢ ውሳኔ ሆኗል ማለት ነው።

እኔ የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከተመለሱ ከሦስት ወር በኋላ ቢጽፉለት የሚመልስልዎ፣ ችግርዎንም አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የሚያገኙት የት ነው? የአዳራሹ ስፋት፣ የተናጋሪዎቹ ዝና፣ በር ላይ የሚታደለው ቦርሳ ለዚህ መልስ አይሆኑም።

ግዙፎቹ፦ ሂምስና ኤችኤልቲኤች

አንጋፋው ሂምስ የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓቶች ማኅበር ጉባኤ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የተቋቋመ ሲሆን ዓመታዊ ጉባኤውና ዐውደ ርእዩ በቅርብ ዓመታት በቺካጎ፣ በኦርላንዶና በላስ ቬጋስ ተካሂዷል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይገባበታል። የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ የሚሸጡት ታላላቅ ኩባንያዎች ቤት የሚያህል ማሳያ ይተክላሉ። ወደ አንዱ ጠጋ ሲሉ ፈገግተኛ ሻጭ ይቀበልዎታል፤ ስምዎን ከመጠየቁ በፊት አንገትዎ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ በስልኩ ያነብባል፤ የመጡበትን ተቋም ካየ በኋላ ፈገግታው ይቀዘቅዛል። ከዚያ ለወራት የማስታወቂያ ኢሜይል ይጎርፍልዎታል። በእንዲህ ዓይነቱ አዳራሽ ትውውቅ የሚባለው በአመዛኙ ይኸው ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ልዩ ልዩ ሥርዓቶች መረጃ ሲለዋወጡ በተግባር የሚታይበት ክፍል አለ። የአንድ ምናባዊ ታካሚ መዝገብ ከክሊኒክ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ላቦራቶሪ፣ በተፎካካሪ ኩባንያዎች ሶፍትዌር መካከል ሲተላለፍ ቆመው ያያሉ። እኛ አገር ሁለት ሶፍትዌሮችን ለማነጋገር ስንት ስብሰባ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቆሞ ቢቀር አይፈረድበትም። የቀረው መርሐ ግብር ግን በብዛት የሚያጠነጥነው በአሜሪካ የኢንሹራንስ ክፍያና በፌዴራል ደንቦች ዙሪያ ነው።

ኤችኤልቲኤች እ.ኤ.አ. በ2018 ላስ ቬጋስ ላይ የጀመረ፣ ከ2024 ጀምሮም አምስተርዳም ላይ የአውሮፓ መድረክ የከፈተ ነው። ድባቡ ከሂምስ ይለያል፤ የሚበዙት ባለሀብቶች፣ ጀማሪ ኩባንያዎችና የኢንሹራንስ ሥራ አስኪያጆች ናቸው። ዋጋውም የእነርሱን ኪስ ታሳቢ ያደረገ ነው። ግዢ የመወሰን ሥልጣን ላላቸው የሆስፒታል ኃላፊዎች በነፃ የመግባት ዕድል ይሰጣል፤ በምላሹ ከሻጮች ጋር ተራ በተራ አጫጭር ቀጠሮዎች ላይ ይቀመጣሉ። ሥልጣኑ ላለው ጥሩ ነው፤ ለሌላው በር አይከፍትም።

በዚህ ላይ ቪዛውን ይጨምሩ። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፤ ቢከለከሉ አይመለስም። ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ለሦስት ወር የሚያገለግል የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኗል። የዘንድሮው ቪዛ ለከርሞ አይሆንም ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በራሱ ወጪ ላስ ቬጋስ ልሂድ ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፦ አይሂዱ።

በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታ ወይም በዳላስ ኖሮ በሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ለሚሠራ ወገን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቪዛ አያስፈልገውም፤ ክፍያውንም ብዙ ጊዜ አሠሪው ይሸፍንለታል፤ ሥራ መቀየር ሲያስብ የሚያገኛቸው ቀጣሪዎች እዚያው ናቸው። ከትልቁ ጉባኤ በፊት ግን በየአካባቢው ያሉትን የሂምስ ቅርንጫፎች ይሞክር። ወጪው ትንሽ ነው፤ በቅርንጫፍ ስብሰባ ላይ ያገኘውን ሰው በሚቀጥለውም ስብሰባ መልሶ ያገኘዋል።

ጀርመን

በርሊን በየሚያዝያው የሚካሄደው ዲኤምኢኤ ንጹሕ የዲጂታል ጤና ዐውደ ርእይ ነው፤ ግን አብዛኛው ውይይት በጀርመንኛ ነው። ዱሰልዶርፍ በኅዳር የሚካሄደው ሜዲካ የሕክምና መሣሪያ ገበያ ነው፤ ዲጂታሉ ከብዙ አዳራሾች ጥቂቱን ይይዛል። ጀርመን ለሚኖር ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ከአገር ቤት ለሚነሣ የሸንገን ቪዛ 90 ዩሮ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባጠበቀው ደንብ መሠረት የማመልከቻው መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ለኦስሎም ያስፈልጋል።

ዱባይ፦ ለሻጭና ለአስመጪ

ለግማሽ ምዕተ ዓመት አረብ ሄልዝ ሲባል የቆየው የዱባይ ዐውደ ርእይ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙን ለውጧል፤ ዛሬ ወርልድ ሄልዝ ኤክስፖ ዱባይ ይባላል። አዲስ አበባ ያሉ የሕክምና ዕቃ አስመጪዎች መንገዱን ያውቁታል። ቀድሞ ለተመዘገበ የንግድ ጎብኚ ማሳያውን ማየት በነፃ ሆኖ ቆይቷል፤ የሚያስከፍሉት የሳይንስ ጉባኤዎቹ ናቸው። በረራው አጭር ነው፤ ዘመድ የሌለው ኢትዮጵያዊም ጥቂት ስለሆነ ማደሪያው አይጨንቅም።

እዚያ የሚገኘው ሰው ወኪል የሚፈልግ አምራች ነው። የምስል ማከማቻ ሥርዓት፣ የላቦራቶሪ ሶፍትዌር ወይም የርቀት ሕክምና መሣሪያ ለግል ሆስፒታሎች የማቅረብ ሐሳብ ካለዎት ከዱባይ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አንድ ነገር ግን በጽሑፍ ያስይዙ፦ ሶፍትዌሩ ሲበላሽ ማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ከየት ሆኖ ይጠግነዋል? ሻጩ «ችግር የለም» ካለ ችግር አለ። በመንግሥት ጤና ሥርዓት ውስጥ ለሚሠራ ባለሙያ ግን ዱባይ የሱቅ መስኮት እንደ ማየት ነው።

ናይሮቢ፦ ለፕሮጀክትና ለሥራ ፈላጊ

ግሎባል ዲጂታል ሄልዝ ፎረም ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ሲካሄድ ከቆየ በኋላ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ወደ ናይሮቢ መጣ። ለእኛ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፦ ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መመዝገቢያው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ ርካሽ አይባልም፤ ቢሆንም ከላስ ቬጋስ ጋር አይወዳደርም።

አዳራሹ ውስጥ ያሉት የጤና ሚኒስቴር ባለሙያዎች፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶችና ለጤና ኬላ የሚሆን ሶፍትዌር የሚሠሩ ተቋማት ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በታብሌት የሚጠቀሙበት የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የተገነባው ዲማጊ በሚባለው ድርጅት ሶፍትዌር በኮምኬር ላይ ነው፤ ናይሮቢ ላይ ይህን ታሪክ ከመጀመሪያው ማስረዳት አያሻም። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መረጃ እንዴት እንደሚመዘገብና በኋላ እንደሚላክ ሲያነሡ ኡጋንዳዊው ወይም ማላዊው ከአፍዎ ነጥቆ ይጨርስልዎታል።

ድክመቱ የስኬት ታሪክ መብዛቱ ነው። አቅራቢው ሁሉ የተሳካለት ነው፤ የወደቀ ፕሮጀክት ያለው አይመስልም። እውነተኛው ወሬ የሚወራው በሻይ ሰዓት ነው። የአሜሪካ ገንዘብ ከደረቀ በኋላም ድጎማ ፍለጋ ብቻ የሚሄድ ሰው ተስፋውን ቢቀንስ ይሻለዋል። አማካሪነት፣ የጋራ ፕሮጀክት፣ ሥራ ለሚፈልግ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ነው።

ኦስሎና ታናናሾቹ፦ የሚሠራበትን ሶፍትዌር ይዞ ለሚሄድ

ኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ሪፖርት የምትሰበስበው በዲኤችአይኤስ 2 ነው። ሶፍትዌሩ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል፤ የሚያለማውም የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዓመታዊ ጉባኤው እዚያው ኦስሎ ይካሄዳል። ከሂምስ አንፃር ሲታይ የመንደር ማኅበር ያህል ነው፤ ጥቅሙም ከዚያው ይመጣል። ኮዱን የጻፈው ሰው ምሳ ላይ አጠገብዎ ሊቀመጥ ይችላል።

ምሳሌ ልስጥ። የኛ ጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርት ከወሩ 21 ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ይሸፍናል። ወሩ የኢትዮጵያ ወር ነው፤ በነሐሴና በመስከረም መካከል ደግሞ ጳጉሜን ትገባለች። አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ስድስት። ይህን የማይረዳ ሶፍትዌር ግራፉን ያዛባል፣ የሪፖርቱን ወቅታዊነት በተሳሳተ ቀን ይለካል፣ የወረዳው የመረጃ ባለሙያ ደግሞ ባልሠራው ጥፋት ይወቀሳል። ላስ ቬጋስ ላይ ይህን ጥያቄ ቢያነሡ በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቁልዎታል። ኦስሎ ላይ ኮምፒውተር ከፍቶ «እስቲ አሳየኝ» የሚል ሰው አለ፤ የራሷ የዘመን አቆጣጠር ያላት ኔፓልም ተመሳሳይ ጣጣ ይዛ ትመጣለች። ከተመለሱ በኋላ የጻፉት መልእክት የሚነበበው ስለዚህ ነው።

ወጪው ያማል፤ ኖርዌይ ውድ አገር ናት፣ የሸንገኑ 45 ቀንም ከፊትዎ አለ። ስለዚህ በቅድሚያ በነፃ የሚሰጠውን የዲኤችአይኤስ 2 የኢንተርኔት ሥልጠና ይጨርሱ፤ በማኅበረሰቡ መድረክም ላይ ጥያቄ በመጠየቅና በመመለስ ስምዎን ያስለምዱ። ስሙ ሳይታወቅ ኦስሎ የሚሄድ ሰው የጉባኤውን ግማሽ ዋጋ ትቶ ይመለሳል።

ወደዚህ ጎራ የሚመደበው ሌላው ኦፕን ኤችአይኢ ነው። የታካሚ መዝገብን፣ የጤና ተቋማት መዝገብንና የባለሙያዎች መዝገብን በአንድ መስመር ማገናኘት ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶች የሚገናኙበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ፣ በ2023 ደግሞ ማላዊ ላይ ተሰብስቧል። አፍሪካ ውስጥ ሲካሄድ እንዳያመልጥዎ፤ ሥርዓት ለሚያገናኝ ሰው ከኦስሎም ሊበልጥ ይችላል።

ለተመራማሪ

ጥናት ለሚያቀርብ ሁለት መድረኮች አሉ። ሄሊና እ.ኤ.አ. በ1993 ናይጄሪያ ውስጥ የተጀመረ የአፍሪካ የጤና ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃ አያያዝ ጥናት) ጉባኤ ነው፤ ታዳሚው ትንሽ፣ ውይይቱ ረጅም ነው። ሜድኢንፎ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የዓለም አቀፉ የሕክምና ኢንፎርማቲክስ ማኅበር ጉባኤ ነው፤ በ2023 ሲድኒ፣ በ2025 ታይፔ ላይ ነበር። የሜድኢንፎ ጽሑፎች ታትመው በሕክምና ጥናት ማውጫዎች ውስጥ ስለሚገቡ ለደረጃ ዕድገት ይረዳሉ፤ ርቀቱ ግን ኪስ ይጎዳል። የጎንደር ወይም የጅማ የማስተርስ ተማሪ ብሆን ሄሊናን እመርጥ ነበር።

እግረ መንገዴን፦ በኢሜይል «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጠራዎት፣ ፕሮፌሰርም ባይሆኑ፣ አብስትራክትዎን (የጥናትዎን አጭር ማጠቃለያ) በአንድ ቀን ተቀብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ጉባኤ ወጥመድ ነው። የሳይንስ ኮሚቴው አባላት ስም አለ? አንዱን አባል በቀጥታ ቢጠይቁት ያውቀዋል? በዚያው ሆቴል በዚያው ቀን የግብርናና የሲቪል ምሕንድስና ጉባኤ አብሮ ተጠርቷል? እነዚህን ሳያጣሩ አንድ ብር አይላኩ።

አዲስ አበባን አንርሳ

የጤና ሚኒስቴር ዓመታዊ የግምገማ ጉባኤ፣ የኢትዮጵያ ጤና አጠባበቅ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ያለው የአፍሪካ የበሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል (አፍሪካ ሲዲሲ) የሚጠራቸው ስብሰባዎች፦ እነዚህ ሁሉ ያለ ቪዛና ያለ ዶላር የሚደረስባቸው ናቸው። የሚኒስቴሩ በግብዣ ስለሆነ በክልል ጤና ቢሮ ወይም በሚሠሩበት ድርጅት በኩል መግባት ያሻል። የማኅበሩ ግን የአብስትራክት ጥሪ ያወጣል። ሶፍትዌርዎን ለመንግሥት ለማቅረብ የሚያስቡ ከሆነ የሚወስነው ሰው የተቀመጠው እዚህ ነው፤ እርሱን ናይሮቢ ድረስ ሄዶ ማግኘት የተለመደ ቢሆንም ያስቃል።

አንድ ቲኬት ብቻ ካለ

መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ብቻ መላክ ከቻለ ዳይሬክተሩን ሳይሆን ሥርዓቱን በየቀኑ የሚነካውን ባለሙያ ይላክ። አበል የሚበዛበትን ሳይሆን ጥያቄ ያለውን። የሄደውም በምሳ ሰዓት ከአገሩ ልጆች ጋር አንድ ጠረጴዛ ከብቦ አይቀመጥ፤ ይሉኝታ ይዞት የሚፈልገውን ሰው ሳያናግር የሚመለስ ብዙ ነው። ከመሄዱ ሁለት ሳምንት በፊት ለሦስት ወይም ለአራት ሰዎች ስለ አንድ የተወሰነ ችግር ጽፎ ቀጠሮ ይያዝ።

የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ያለ ባለሙያ ኦስሎ ወይም ኦፕን ኤችአይኢ፤ አማካሪና ሥራ ፈላጊ ናይሮቢ፤ አስመጪ ዱባይ፤ ተመራማሪ ሄሊና፤ አሜሪካ ነዋሪ የአካባቢው የሂምስ ቅርንጫፍ። ከእነዚህ የአብዛኞቹ የአብስትራክትና የጉዞ ድጋፍ ጥሪ የሚዘጋው ጉባኤው ከመከፈቱ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ለኦስሎ ደግሞ የግብዣ ደብዳቤው ደርሶ የቪዛ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት 45ቱ ቀን መቆጠር እንደማይጀምር ያስቡበት።