ለዳማ ጆሮ ለደረሱልን የእንስሳት ሐኪም ምስጋና

ድሬዳዋ ውስጥ ውሻ የሚያክም ሰው ለምትፈልጉ ይህን ጥቆማ ተቀበሉኝ። ከተማችን የእንስሳት ሐኪም አላጣችም፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ውሎ ከፍየል፣ ከግመልና ከከብት ጋር ስለሆነ «ውሻዬ ታመመብኝ» ሲባሉ ፈገግ የሚሉ አሉ። ሳቢያን ሰፈር የሚሠሩት እኒህ ሐኪም ግን ፈገግ አላሉም።

የግቢያችን ጠባቂ ውሻ ዳማ ራሱን ሲያራግፍና ጆሮውን ሲፎክት ሰንብቶ አንድ ጠዋት የግራ ጆሮው እንደ ሳምቡሳ ተነፍቶ አገኘነው። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ጊንጥ ነድፎት ነው ሲል ሌላው በጋለ መርፌ ይበጣ አለ።

ዶክተሩ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱን ነበር። ከዚያ አፉን በፋሻ ሸብ አድርገው፣ አንገቱን እያሻሹ፣ ጆሮውን ገልብጠው በባትሪ አዩት። ውስጡ በጥቁር ደረቅ ኩክ ተሞልቷል። «ደሙን ማውጣት ቀላል ነው፤ የሚያሳክከውን ካላጠፋን ግን ተመልሶ ይሞላል» አሉኝ። ውሻ ራሱን በኃይል ሲያራግፍ በጆሮው ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሱና ደሙ በቆዳውና በልም አጥንቱ መካከል ይጠራቀማል። ዝም ከተባለ በጊዜ ብዛት ሊመጠጥ ይችላል፤ ጆሮው ግን ተኮማትሮ ይቀራል። የዳማን ጆሮ ያሳከከው በዓይን በቅጡ የማይታይ የጆሮ ተባይ ነበር። ቀጥለው «ድመት አላችሁ?» አሉ። አለችን። ተባዩ ከድመት ወደ ውሻ፣ ከውሻም ወደ ድመት ይተላለፋልና ለእሷም መድኃኒት አዘዙ። ያላየኋትን ታማሚ ያገኙልኝ በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሐኪም ማለት ለእኔ ይህ ነው።

በመርፌ የተቀዳው ደም እንደፈሩት ተመልሶ ሞላ። ለቀዶ ሕክምናው ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ቀጠሩን። በማደንዘዣ አስተኝተው የጆሮውን የውስጥ ገጽ ቀደዱ፤ የረጋውን ደም አጥበው ቆዳው ከልም አጥንቱ ጋር እንዲጣበቅ በረድፍ በረድፍ ሰፉት። የቀደዱትን ግን ሆን ብለው አልገጠሙትም፤ ፈሳሹ መውጫ ያስፈልገዋል። እንዳይፎክተው ከፕላስቲክ ባልዲ የአንገት መከለያ ሠሩለት፤ ክሩ እስኪወጣ ድረስ ዳማ ከየበሩ ጋር ሲጋጭ ከረመ።

ሒሳቡን ሥራ ሳይጀምሩ ነገሩኝ፤ በመጨረሻም የከፈልኩት ያንኑ ነው። ጆሮው ትንሽ እንደሚጨማደድም አልደበቁኝም። ተጨማድዷል፤ ማሳከኩ ግን ጠፍቷል። እንከን አውጪ ካላችሁኝ፣ ስልክ ቶሎ አያነሡም፤ ከሰዓት በኋላ ለከብት ሕክምና ገጠር ይወጣሉ። ጠዋት ደውሉ።

ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ።

ስልካቸውን እንድሰጥ ስለፈቀዱልኝ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። የውሻችሁን የክትባት ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።