የጣራ እንጨት ሲበሰብስ፦ ይደረብ፣ ይቀየር ወይስ ብረት ይግባ?

ክረምት ከመግባቱ በፊት ካቻቢቴ ይዛችሁ ጣራው ስር ግቡ። እንጨቱን ጠርዙ ላይ፣ አሸንዳው አጠገብ ወጋ ወጋ አድርጉት። ጤነኛ እንጨት አያስገባም። እናቴ ቤት ጓዳው ላይ ስሞክር ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይልም ነበር።

ያኔ ሦስት ሰው ሦስት ምክር ሰጠን። አንዱ አናጢ "ጎኑ ላይ ሞራሌ እንደርብበት" አለ። ሌላው "ነቅለን በአዲስ ባህር ዛፍ እንቀይረው" አለ። የብየዳ ሙያ ያለው ጎረቤታችን ደግሞ "እንጨት ይብቃችሁ፣ አርኤችኤስ አስገቡ" አለን፤ ውስጡ ባዶ የሆነውን አራት ማዕዘን ብረት ማለቱ ነው። ሦስቱም ትክክል የሚሆኑበት ቤት አለ።

መደረብ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የሚያዋጣው ግን ብስባሹ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነና ምስጥ ከሌለ ነው። የበሰበሰው ተቆርጦ መውጣት አለበት። ከተተወ አዲሱንም ያበሰብሰዋል። አዲሱ እንጨት ጤነኛው ላይ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይደረብ፣ በሚስማር ብቻ ሳይሆን በቡሎን ይታሰር። ካቻቢቴው ብዙ ቦታ ከገባ ግን መደረቡን እርሱት።

መቀየር ከተባለ ትልቁ ጥያቄ የእንጨቱ ዓይነት ነው። ጽድ ምስጥ አይደፍረውም። ግን ከደን መቁረጡ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ካገኛችሁ ሳታመነቱ ውሰዱ። ለአብዛኞቻችን የሚቀረው ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ስሙ የሚጠፋው እርጥቡ ስለሚገዛ ነው። እርጥብ እንጨት ጣራ ላይ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩን ይገፋል። በላላው ሚስማር ቀዳዳ ውሃ ይገባል፣ ብስባሹ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ኅዳር ላይ ግዙ። ልጡን አስልጡ፣ ድንጋይ ላይ አንሥታችሁ፣ በመሃሉ አየር እንዲያልፍ እያራራቃችሁ ጥላ ስር ደርድሩት። ሁለት ሦስት ወር ይጠብቅ።

ብዙ ሰው የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። እኔ አልመክርም። ላይ ላዩን ብቻ ይቀራል፣ እሳት ቢነሳም ያባብሳል። ፀረ ምስጥ መድኃኒት ይሻላል፣ በተለይ የተቆረጠው ጫፍ በደንብ ይጥገብ። የመብራት ምሰሶ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው መድኃኒቱ በፋብሪካ በግፊት ውስጡ ስለሚገባ ነው። እንደዚያ የታከመ ካገኛችሁ ጨምራችሁ ክፈሉ።

ብረት አይበሰብስም፣ ምስጥም አይበላውም። "ይከብዳል" የሚሉት ግን ልክ አይደለም። 4 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አርኤችኤስ በሜትር 2 ኪሎ አይሞላም። 5 በ7 የሆነ ደረቅ የባህር ዛፍ ሞራሌ ከዚያ ይበልጣል። የጭቃ ቤት ችግር ሌላ ነው። ብረቱ የሚያርፈው ግድግዳው አናት ላይ ባለው እንጨት ነው፤ እሱ ከበሰበሰ ብረቱ ምን ይይዘዋል? ደግሞ የአቡጀዲ ኮርኒስ ባለበት ቤት ጣራ ላይ መበየድ በጣም አደገኛ ነው። አንድ ፍንጣሪ ይበቃል። መሬት ላይ ተበይዶ፣ ብየዳው ጸረ ዝገት ተቀብቶ ይውጣ።

እንግዲህ የብሎኬት ቤት ሆኖ ግድግዳው አናት ላይ የኮንክሪት ማሰሪያ ካለው ብረት አስገቡ፣ ወጪውን አትሰስቱ። ጭቃ ቤት ከሆነ ደረቅና የታከመ ባህር ዛፍ። እኛም ይህንኑ አደረግን። መጀመሪያ ግን አሸንዳውን ቀየርን፣ ምክንያቱም እንጨቱን ያበሰበሰው ዝጎ የተበሳው አሸንዳ ነበር።

አናጢ ዋጋ ሲነግራችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፤ አሮጌው ቆርቆሮ ከተመለሰ የድሮ ቀዳዳዎቹ አዲሱ እንጨት ላይ አይገጥሙም። የእነሱ መድፈኛና ላስቲክ ያለው ሚስማር ሂሳቡ ውስጥ ይግባ።